አባቴ የእድሩን መዝገብ በደብተር መያዝ ጀመረ፤ የጫንኩትን ሊኑክስ ላጥፋው?

ውድ አማካሪ፣

ዕድሜዬ 25 ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ድረስ ከወላጆቼ ጋር ደብረ ብርሃን እኖራለሁ። ቤታችን ውስጥ ያለው ላፕቶፕ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሲጠቀምበት ቆይቶ የላከልን ነው። ቀን ቀን እኔ ኮርስ እከታተልበታለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆነ የአባላቱን ዝርዝርና የወር መዋጮ ይመዘግብበታል፣ ደብዳቤም ይጽፍበታል።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እንዳበቃ የሚገልጽ ማስታወቂያ በተደጋጋሚ ሲመጣብኝ፣ ላፕቶፑም ዊንዶውስ 11ን እንደማይቀበል ሳውቅ፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራውንና ነጻ እንደሆነ የሰማሁትን ሊኑክስ ሚንት ለመሞከር ወሰንኩ። ፍላሽ ላይ አዘጋጅቼ፣ አባቴ ለቅሶ በሄደበት ቅዳሜ ጫንኩት። ዊንዶውስን አላጠፋሁም፤ ከዊንዶውስ ጎን እንዲጫን የሚያደርገውን ምርጫ ነው የወሰድኩት። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም። ማታ አሳይቼው አስደንቀዋለሁ ብዬ ነበር።

ማታ እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ እሱ ቀድሞ ከፈተው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ የተጻፈ ዝርዝር መጣበት፤ ምን መንካት እንዳለበት ሲያስብ ጊዜው አለፈና ሚንት ተከፈተ። የእድሩን ደብዳቤ ሲከፍት ፊደሉ የማይነበብ ሆኖ ጠበቀው። የመዋጮውን ሰንጠረዥ ከፍቶ የሁለት ሰው ክፍያ ሞልቶ ሊያስቀምጥ ሲል አላስቀምጥም አለው። በማግስቱ ወደ ዊንዶውስ አስገባሁለት፤ ሁሉም በቦታው አለ፣ ሰዓቱ ግን 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ‹‹ሰዓቱን እንኳ አልማርሽውም›› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩን አይነካውም፤ ከእኔም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አያወራም። መዋጮውን በደብተር መመዝገብ ጀምሯል።

በእኔ በኩል ደግሞ ሚንት ላይ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም፤ የጎረቤት ዋይፋይ ስም እንኳ አይታይም። የአጎቴ ልጅ ‹‹ጥገና ቤት ውሰጂውና ፎርማት አድርገው ዊንዶውስ ይጫኑልሽ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው›› ይለኛል። እናቴም አባትሽን ከምታስቀይሚው እንደነበረ መልሺው ትላለች። እውነቱን ለመናገር ግን ወድጄዋለሁ፤ ድሮ ለመከፈት ብቻ ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ያስጠብቅ የነበረው ላፕቶፕ አሁን ቶሎ ይነሳል። የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። ላጥፋው ወይስ ልቀጥል? ወንድሜስ ቢሰማ ምን ይለኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን


ውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንሽ ነገር አለ፤ ይህን መልስ አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ ላፕቶፑን ወደ ጥገና ቤት አትውሰጂው። የአጎትሽ ልጅ በቅንነት እንደመከረሽ አልጠራጠርም። ነገር ግን ፎርማት የሚለው ቃል በየሱቁ እንደ ዘበት ስለሚነገር ቀላል መሰለ እንጂ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ማለት ነው። ዛሬ በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ የጠፋ ነገር የለም፤ ራስሽ እንደጻፍሽው ወደ ዊንዶውስ ስትገቡ ሁሉም በቦታው ነበር። የእድሩ መዝገብ ሊጠፋ የሚችለው ከእንግዲህ፣ ጭንቀቱን በአንድ ሰዓት ለመገላገል ሲባል በሚደረግ ፎርማት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማስተካከል ሳይሆን መቅዳት ነው። ወደ ዊንዶውስ ገብታችሁ የመዋጮውን ሰንጠረዥና የእድሩን ደብዳቤዎች በሁለት የተለያዩ ፍላሾች ላይ ቅዱ፤ አንዱ በአባትሽ እጅ ይቀመጥ። ‹‹ቅዱ›› ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መዝገቡ የአባትሽ ብቻ ሳይሆን የአባላቱ ሁሉ ንብረት ስለሆነ፣ ለመልካም ነገርም ቢሆን እሱ ሳያውቅ ሌላ ቦታ ባይገኝ ይመረጣል። ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ልከሽ ማስቀመጥ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፣ ነገር ግን የሰፈር ሰው ስምና ስልክ ከነክፍያው ያለበት ዝርዝር ስለሆነ ፍላሹ ይሻላል እላለሁ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ከዚህ በታች የምነግርሽን ሁሉ ልብሽ ሳይሸበር መሞከር ትችያለሽ።

አሁን ስለ አባትሽ እናውራ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አባትሽ የተቀየመው በሊኑክስ ይመስልሻል? እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ የታየኝ ሌላ ነው። የእድር ጸሐፊ የሰው ገንዘብ የሚጽፍ ሰው ነው። በጉባኤው ዕለት አንዱ ተነስቶ ‹‹እኔ የታኅሣሥን ከፍያለሁ›› ቢልና መዝገቡ ባዶ ቢሆን፣ በጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ያን ዕለት ማታ የሁለት ሰው ክፍያ ሞልቶ ‹‹አላስቀምጥም›› ሲባል፣ ያየው የኮምፒዩተር ብልሽት ሳይሆን ለዓመታት የጠበቀው አደራ ከእጁ ሲያመልጥ ሊሆን ይችላል። ወደ ደብተር መመለሱም እኔ እንደማየው ኩርፊያ ብቻ አይደለም፤ የሰው ገንዘብ ሳይመዘገብ እንዳያድር እጁ ላይ ባለው ነገር መቀጠሉ ነው። አንቺም ልታስደስቺው አስበሽ እንጂ ልትጎጂው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፣ እና ይህን ጥፋተኝነት ከመጠን በላይ እንዳትሸከሚው እፈልጋለሁ። ቢሆንም ዕቃው የጋራ ነው፤ ሳይነገረው መለወጡን ለይተሽ ይቅርታ ብትጠይቂበት፣ የቀረው ነገር ሁሉ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። ‹‹ሊኑክስን በመጫኔ ሳይሆን ሳልነግርህ በመጫኔ ነው ይቅርታ የምጠይቅህ›› ብትዪው ልዩነቱን የሚረዳ ይመስለኛል።

ይቅርታው ግን ብቻውን አይበቃም፤ ያየውን ሁሉ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አለብሽ። ያን ማታ ያጋጠመው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፣ አንዱም ብልሽት አይደለም።

ሰንጠረዡ አላስቀምጥም ያለው እነሆ በዚህ ምክንያት ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዊንዶውስ ‹‹ሻት ዳውን›› ሲባል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ለመነሳት እንዲመቸው የሥራውን የተወሰነ ክፍል ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፤ ይህም ፋስት ስታርታፕ ይባላል። ሚንት በበኩሉ የዊንዶውስን ክፍል ሲከፍት ባለቤቱ እንዳልሞተና እንዳንቀላፋ ያያል። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ቢጽፍበት ዊንዶውስ ሲነቃ የሚያስታውሰውና ዲስኩ ላይ የሚያገኘው ስለማይገናኙ ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ ማንበብ ይፈቅዳል፣ መጻፍ ይከለክላል። ይህን ለአባትሽ እንዲህ ብለሽ ብታስረጂው ጥሩ ነው፤ ያ እምቢታ መዝገቡን አላበላሸውም፣ ይልቁንም እንዳይበላሽ ጠብቆታል።

መፍትሔው ያለው ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ኮንትሮል ፓነል ገብተሽ ፓወር ኦፕሽንስ የሚለውን ክፈቺ፤ በግራ በኩል የመዝጊያው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚመረጥበት መስመር አለ። እዚያ ስትገቢ ፋስት ስታርታፕ የሚለው ደብዝዞ ታገኚዋለሽ፤ ከላይ ያለውን አሁን የማይነኩትን ለመለወጥ የሚያስችል ጽሑፍ ስትጫኚ ይከፈትልሻል፣ ከዚያ ምልክቱን አንስተሽ አስቀምጪ። እስከዚያው ድረስ ወደ ሚንት ለመሻገር ስትፈልጊ ‹‹ሻት ዳውን›› ሳይሆን ‹‹ሪስታርት›› በዪ፤ ሪስታርት ሲባል ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። እምቢ ያለውን ክፍል በግድ የሚያስከፍት ትእዛዝ ሰው ቢነግርሽ ግን እባክሽ አትጠቀሚበት።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ጠፍቶም እንኳ የሚቆጥር ትንሽ ሰዓት አለ። ዊንዶውስ ያን ሰዓት የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ሊኑክስ ግን የዓለም አቀፉን ሰዓት ይጽፍበታል፣ ከዚያ የእኛን 3 ሰዓት ጨምሮ ያሳያል። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በኮምፒዩተሩ አቆጣጠር 10፡00 ሲሆን፣ ሚንት የጻፈውን ዊንዶውስ ሲያነበው 7፡00 ይላል። ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት መሆኑ ራሱ ምስክር ነው፤ የተበላሸ ሰዓት እንዲህ ባለ ትክክለኛ ልክ አይሳሳትም። ሚንት እንደ ዊንዶውስ የአገሩን ሰዓት እንዲጽፍ የሚያደርግ ታይምዴትሲቲኤል (timedatectl) የሚባል የአንድ መስመር ትእዛዝ አለ፤ ኢንተርኔት ስታገኚ የዚህን ትእዛዝ ስምና የዊንዶውስን ስም አብረሽ ፈልጊ፣ አጻጻፉን ታገኚዋለሽ። ከዚያ በኋላ ወደ ዊንዶውስ ገብተሽ ሰዓቱን አንድ ጊዜ አስተካክዪ።

ስለ ደብዳቤው ፊደል አንድ ነገር አልነገርሽኝም፣ እሱም ወሳኝ ነው። አባትሽ ያየው ባዶ ሳጥን ሳጥን ነበር ወይስ የላቲን ፊደላትና እንግዳ ምልክቶች የተቀላቀሉበት? ሳጥን ከሆነ ሚንት ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት አልተገኘም ማለት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ነጻ ፎንት ስትጭኚ ይነበባል። የላቲን ምልክት ከሆነ ግን ደብዳቤው የተጻፈው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የጋራ አሠራር፣ በፊት በነበረው መንገድ በተሠራ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን መቀመጫ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሲገለገሉባቸው የቆዩት፣ ‹‹ሀ››ን እና ‹‹ለ››ን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው። ያ ፎንት ባለበት ኮምፒዩተር ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል፣ በሌለበት ምልክት ብቻ ይቀራል። ለማረጋገጥ ደብዳቤውን በዊንዶውስ ክፈቺና አንድ ቃል ላይ ጠቅ አድርገሽ ከላይ የፎንቱን ስም አንብቢ። ኒያላ ወይም ኢብሪማ ካለ ዩኒኮድ ነው፤ ስሙ ሌላ ከሆነ ከአሮጌዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ የአባትሽን ደብዳቤዎች በሚንት ለመክፈት ዛሬ አትድከሚ። ዊንዶውስ ላይ ይክፈታቸው፤ ዩኒኮድ ወደሆነ አጻጻፍ መሸጋገሩ ጉባኤው ካለፈ በኋላ፣ እሱ ራሱ ሲፈልግ የሚደርስ ነው።

ወደ ዋይፋዩ ስንመጣ፣ ይህ የብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ መሰናክል ነው። እንደ ዋናው ጥርጣሬዬ ላፕቶፕሽ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ካርድ የብሮድኮም ሥሪት ሳይሆን አይቀርም፤ ለአንዳንዶቹ የዚያ ኩባንያ ካርዶች የሚያስፈልገው ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከሚንት ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ስላልሆነ ከሚንት ጋር አብሮ አይጫንም። ከመገመት ግን ማየት ይሻላል። ሚንት ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ስትከፍቺ የላፕቶፑ አካላት ተዘርዝረው ታገኛለሽ፤ በኔትወርክ ሥር የካርዱን ስም በወረቀት ላይ ጻፊው። በዚያው የበረራ ሞድ የሚባለው አለመከፈቱንም አረጋግጪ፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ዋይፋዩን የሚዘጋ ቁልፍ ኪቦርዱ ላይ ወይም በጎን በኩል አላቸው።

ድራይቨሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል፤ ያለ ኢንተርኔት ምንም ማስተካከል ያቃተሽ እዚህ ላይ ይመስለኛል። መውጫው ስልክሽ ነው። ስልክሽን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኚ፣ ከዚያ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ያለበትን ቦታ ከፍተሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሪ። ሚንት በሴኮንዶች ውስጥ በገመድ እንደተገናኘ ያሳይሻል፤ ለዚህ የተለየ ድራይቨር አይፈልግም። ከዚያ ድራይቨር ማናጀር የሚባለውን ክፈቺ፣ ለካርዱ የሚመክርሽን መርጠሽ ጫኚ። በዚህ ጊዜ ‹‹አዲስ ማሻሻያ አለ›› የሚል ማስታወቂያ ቢመጣ ለጊዜው እለፊው፤ ማሻሻያው ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል የስልክሽን ጥቅል ይጨርሰዋል። ዋይፋዩ ሲሠራ ትደርሽበታለሽ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። ላፕቶፑ ላይ ሴኪዩር ቡት የሚባለው መከላከያ በርቶ ከሆነ፣ ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል እንድትፈጥሪ ትጠየቂያለሽ። ኮምፒዩተሩን መልሰሽ ስታስነሺ አንድ ሰማያዊ መስኮት ይመጣል፤ እሱም ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይጠብቅሽም። ቁልፍ ነክተሽ ስትገቢ ከላይ ያለው ምርጫ እንዲሁ ማስነሳቱን የሚቀጥለው ነው፣ አንቺ ግን ከሥሩ ያለውን ‹‹ኢንሮል ኤምኦኬ›› የሚለውን መርጠሽ፣ ቀጥል ብለሽ፣ እሺ ብለሽ፣ የፈጠርሽውን የይለፍ ቃል ትጽፊያለሽ። እኔ ሊኑክስን ለመጀመሪያ ጊዜ የጫንኩ ሰሞን ይህን መስኮት ሳላነበው ኢንተር ተጭኜ አልፌው፣ 3 ቀን ሙሉ ያንኑ ድራይቨር እያጠፋሁ ስጭን ከረምኩ። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ‹‹ቆይ፣ አሁን ያለፈው ሰማያዊ ነገር ምንድን ነው?›› ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ዓይኔ ሥር ነበር። ስለዚህ የሚመጣውን ጽሑፍ ሁሉ ከመጫንሽ በፊት አንብቢው፤ መጻፍ ካልቻልሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልመለስ። ላጥፋው ወይስ ልቀጥል ብለሻል፤ እኔ ግን ሁለቱን ብቻ ማየት የለብሽም ባይ ነኝ። አባትሽን ያስደነገጠው ሚንት መኖሩ ሳይሆን እሱ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ሚንት ቀድሞ መምጣቱ ነው። ይህን መገልበጥ ይቻላል። ላፕቶፑ እንደበራ ወዲያው ወደ ሴቲንጉ የሚያስገባውን ቁልፍ፣ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 2፣ ኤፍ 10 ወይም ዴል፣ ተጭነሽ ግቢና ቡት የሚለውን ክፍል ፈልጊ። እዚያ ‹‹ዊንዶውስ ቡት ማናጀር›› እና ‹‹ኡቡንቱ›› የሚሉ ሁለት ስሞች ታያለሽ። ሚንት የተሠራው ኡቡንቱ በሚባል ሌላ የሊኑክስ ዓይነት መሠረት ላይ ስለሆነ በዚያ ስም ነው የተመዘገበው፤ እንግዳ ስም ነው ብለሽ እንዳታጠፊው። ዊንዶውሱን ወደ ላይ አውጪና አስቀምጪ። ከዚያ በኋላ አባትሽ ሲከፍተው ጥቁሩ ዝርዝር አይመጣበትም፤ ኮምፒዩተሩ ቀድሞ በሚያውቀው መልኩ ይነሳለታል። አንቺ ሚንትን ስትፈልጊ ደግሞ ሲበራ የማስነሻ ምርጫውን የሚያሳየውን ቁልፍ፣ እንደ ላፕቶፑ ዓይነት ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ፣ ተጭነሽ ትመርጫለሽ። ቁልፍ የመጫኑ ድካም ያንቺ ይሁን፤ አዲሱን ነገር የፈለግሽው አንቺ ነሽና ይህ ፍትሐዊ ይመስለኛል። ላፕቶፑ በጣም አሮጌ ሆኖ እነዚህ ስሞች ካልታዩሽ፣ ጥቁሩ ዝርዝር ራሱ ዊንዶውስን እንዲያስቀድም ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ጻፊልኝና በዝርዝር እነግርሻለሁ።

ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ቁጥር ተጋላጭነቱ እየጨመረ ይሄዳል። የአባትሽ ሥራ ሰንጠረዥና ደብዳቤ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስለዚህ ዊንዶውሱ ከኢንተርኔት ተለይቶ የእድሩ ጽሕፈት ቤት ይሁን፤ ኮርሱም፣ ኢሜይሉም፣ ፍለጋውም በሚንት በኩል ይሁን። የጫንሽው ሚንት 22 ከሆነ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። ዊንዶውሱ ከኢንተርኔት ሲለይ ሰዓቱን ራሱ ማስተካከል ስለማይችል ግን ቅድም ያልኩሽን የሰዓት ማስተካከያ አትዝለዪው።

ይህ ሁሉ ከተሞከረ በኋላም አባትሽ ‹‹አልፈልገውም፣ ይነሳልኝ›› ቢልስ? ያኔ ይነሳ። ላፕቶፑ የቤተሰቡ ነው፣ ፈቃዱም ይከበር። ብቻ ማንሳቱንም በጥድፊያ እንዳታደርጊው፤ መጀመሪያ ዊንዶውስን አስቀድመሽ ያለ ጥቁሩ ዝርዝር በደንብ መነሳቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሪ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚንትን ክፍል መሰረዝ ያለብሽ። ይህን ቅደም ተከተል ያላወቁ ሰዎች ሊኑክሱን ሰርዘው ሲያበቁ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አልነሳም ብሎባቸው ይደነግጣሉ። አንቺም በዚህ ምክንያት መማርሽን ማቆም የለብሽም፤ ሚንት ያለ ምንም ጭነት ከፍላሹ ላይ ራሱ ተነስቶ ይሠራል። ቀርፋፋ ነው፣ ኮምፒዩተሩን ስታጠፊም የሠራሽውን አያስቀምጥልሽም፣ ለመለማመድ ግን ይበቃል።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ከአባትሽ አፍ ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማው ጥሩ ነው። ላፕቶፑን ለዓመታት ሲጠቀምበት ስለቆየ ሞዴሉን፣ ወደ ሴቲንጉ የሚያስገባውን ቁልፍ ሊያውቀው ይችላል። ‹‹ይህን አደረግኩ፣ ይህን አየሁ፣ እዚህ ላይ ቆምኩ፣ እርዳኝ›› ብለሽ ብትደውዪለት የሚቆጣ አይመስለኝም። መጠየቅ የሚያሳፍርሽ ከሆነ ይህን አስቢ፤ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ የጀመረውን ሥራ ለማያውቃቸው ሰዎች ሲያስተዋውቅ፣ ምን ቢጨመርበት እንደሚወዱ ጠይቋቸዋል። ዛሬ አንቺ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ነገር ከዚያ ሥራ ያደገ ነው። የምትጠይቂው ማንም ይሁን ማን፣ የላፕቶፑን ሞዴል፣ የሚንቱን ቁጥር፣ የካርዱን ስምና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ ንገሪው፤ ‹‹አልሠራም አለኝ›› ብቻ ከተባለ በጣም የሚያውቅ ሰው እንኳ መርዳት ይቸግረዋል። ምን እንደሚሠራ የማይገባሽን ትእዛዝ ደግሞ ማንም ቢሰጥሽ፣ የእያንዳንዱን ቃል ሥራ ሳይነግርሽ አትጻፊው።

ጊዜውን እንዲህ ብትከፋፍዪው ምን ይመስልሻል? በዚህ ሳምንት ይቅርታውና መቅዳቱ፣ ዊንዶውሱን ማስቀደሙና ፋስት ስታርታፑን ማጥፋቱ ይለቁ። ሰዓቱንና ዋይፋዩን በሚቀጥለው ሳምንት አድርጊ፤ አባትሽ ማየት ከፈለገ አጠገብሽ ይቀመጥ፣ ካልፈለገ አታስገድጂው። በሦስተኛው ሳምንት ኮምፒዩተሩን ምንም አትንኪው። በደብተር የያዘውን ወደ ሰንጠረዡ ለመመለስ ፈቃደኛ ከሆነ እሱ ያንብብልሽ፣ አንቺ ጻፊለት፤ የመጨረሻውን ዝርዝር ለጉባኤው በወረቀት አሳትሙት። አካውንቲንግ የተማርሽ ልጁ ሂሳቡን አብራው ስትደምር ማየቱ የሚጠላው አይመስለኝም።

የዋይፋይ ካርዱን ስምና የደብዳቤውን ፎንት ስም ስታገኚ ጻፊልኝ። የፎንቱን ስም ካወቅኩ የቆዩት ደብዳቤዎች እንደገና ሳይተየቡ ወደ ዩኒኮድ የሚለወጡበት መንገድ ይኖር እንደሆነ አይቼ እመልስልሻለሁ።